ለቅርጫት ኳስ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሸዋወርቅን የማያውቅ የአዳማ ሰው ካለ ጆሮውን ቢታይ ይሻላል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ከኮሌጁ ግቢ በአጥር ዘልሎ የሚወጣው ድምፅ የእሷ ነው። ከአጥሩ ማዶ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ኑሬ የእጅ ሰዓታቸው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ አላሠሩትም። «አንቺ፣ ኳሱ እኮ አይናከስም፣ ያዢው!» የሚል ጩኸት ሲሰሙ የከሰዓት ሻያቸውን ያዝዛሉ።

ሥራዋ የኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ምክትል አሰልጣኝነት ነው። «አሰልጣኝ ነሽ አይደል?» ያላት ሰው ወዲያው ይታረማል። «ምክትል ነኝ» ትላለች። ሠርግ ቤትም ትላለች፣ ለቅሶ ቤትም ትላለች። ጤና ጣቢያ ካርድ ስታወጣ ሥራ በሚለው ቦታ «ምክትል» ብላ አስጽፋ፣ የካርድ ክፍሏ ልጅ «የማን ምክትል?» ብላ ብትጠይቃት፣ «የሰይፈሚካኤል» ብላ መለሰች። ልጅቷም ጻፈችው።

ምክትል ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ ራሷም ተጫውታለች። አጭር ስለነበረች ሥራዋ ኳሱን ይዞ መሮጥና ለረጃጅሞቹ ማቀበል ነበር። ለሚያገቡት ይጨበጨባል፤ እሷን ያየ ሰው የለም፤ እሷም ቅር ብሏት አያውቅም። ኮሌጁ የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የተቀጠረው ሰይፈሚካኤል ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ «ድምፅ ያለው ሰው እፈልጋለሁ» አላት።

እውነቱን ነው፤ እሱ ድምፅ አልነበረውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሚናገረው ከጎኑ ለተቀመጠ ሰው ብቻ የሚሰማ ሰው ነበር። በጨዋታ መሀል ወደ እሷ ዘንበል ብሎ፣ «ሸዋ፣ ሦስት ቁጥሯን እባክሽ ትንሽ ወደ ግራ ብትጠጊ ጥሩ ነው በያት» ይላል። ሸዋወርቅ ትነሣና፣ «አንቺ ሦስት ቁጥር! ግራሽን የት ጥለሽው ነው የመጣሽው!» ትላለች። ትርጉሙ በመንገድ ላይ ትንሽ ይለወጥ ነበር፤ ልጅቷ ግን ወደ ግራ ትሄዳለች። በዚህ ዓይነት አሥራ ሦስት ዓመት አብረው ሠሩ።

ሌላው ሥራዋ ተጽፎ የተሰጣት አይደለም። ኳስ ትነፋለች። ማሊያ ቆጥራ ታጥባለች። የማን ቁርጭምጭሚት እንዳበጠ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈች፣ ማን ቁርስ ሳትበላ እንደመጣች ከልጆቹ ፊት ታውቃለች። ነፋሱንም ታውቃለች። ሜዳው ጣሪያ ስለሌለው የአዳማ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ኳሱን እንዳሻው ይወስደዋል፤ ልጆቹም ከቅርጫቱ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ አስተካክለው መወርወር ለምደዋል። አንድ ጊዜ ታዲያ ሐዋሳ ሄደው ጣሪያ ባለው አዳራሽ ተጫወቱ። እስከ ዕረፍት ድረስ የወረወሩት ኳስ ሁሉ ከቅርጫቱ አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ እየሄደ ወደቀ። ሸዋወርቅ ያንን ሽንፈት እስከ ዛሬ የምታሳብበው በጣሪያው ነው።

ሰይፈሚካኤል ከስድስት ዓመት በፊት በሰኔ ታመመ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። በአራተኛው ቀን ሸዋወርቅ ሜዳ ወጣች። የዚያን ጊዜው ዲን፣ «ለጊዜው አንቺው ያዢው» አሏት፤ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ለቀው ሄዱ፤ ለጊዜው የተባለው እንዲሁ ቀጠለ። በየወሩ በምትጽፈው ሪፖርት ግርጌ፣ አለቃው ለጉዳይ ወጣ ያለ ምክትል እንደሚያደርገው፣ «ስለ ሰይፈሚካኤል» ብላ ትፈርማለች። ባለፈው ዓመት እንዲያውም «አቶ ሰይፈሚካኤል ከስብሰባ በተደጋጋሚ በመቅረትዎ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰ። ሸዋወርቅ ደብዳቤውን አነበበችው። አጣጥፋ ፋይሉ ውስጥ አስቀመጠችው። መልስ አልጻፈችም።

ነገሩ የመጣው በዚህ ዓመት፣ አንድ ሰኞ ዕለት ነው። ዲኑ አቶ ኦሊቃ ቢሮ አስጠሯት። ኮሌጁ ከገቡ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ወጣት ናቸው፣ ክፉም አይደሉም፤ ሰውን ሲያስቀይሙ ሻይ ያዝዛሉ። ያን ዕለትም ሻይ አዘዙ።

«ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ የኮሌጆች ውድድር ምዝገባ ዓርብ ስድስት ሰዓት ይዘጋል። አሥር ተጫዋች ያላሟላ አይመዘገብም። እርስዎ ጋ ስንት አሉ?»

«ዘጠኝ።»

«አሥረኛዋስ?»

«ሶረቲ ናት። ለበዓል መቂ ሄዳ አልተመለሰችም። ሌላ እንዳልተካ የሕክምና ምርመራው ባለፈው ሳምንት አልቋል።»

አቶ ኦሊቃ ስኳራቸውን አማሰሉ። «ዘንድሮ ካልተመዘገበ ቡድኑ ይዘጋል፤ ቦርዱ ወስኗል። በምትኩ ጠረጴዛ ቴኒስ ታስቧል። ጠረጴዛ ቴኒስ ጥሩነቱ ሁለት ሰው ይበቃዋል።»

ሸዋወርቅ ሻዩን ሳትጨርስ ወጣች። ሜዳው ዳር ቆማ ለሶረቲ ደወለች።

«ኮች፣ አባባ እንቢ ብሎ እኮ ነው» አለች ሶረቲ በሹክሹክታ። «የአጎቴ ልጅ ልምምድ ላይ የተነሣ ቪዲዮ አሳየው። እርስዎ ሲጮኹብኝ የሚያሳየውን። ‹ለሒሳብ ትምህርት ነው የላክኋት፤ ለኳስና ለጩኸት ማን ጠየቀኝ?› አለ።»

«ማንም አልጠየቀኝም ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይጠየቃል!» አለች ሸዋወርቅ፤ ስልኩንም ዘጋችው።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ለአባትየው ይደውል ነበር። ሸዋወርቅ ግን ትልቅ ነገር በትልቅ ሰው ነው የሚጠየቀው ብላ ሽማግሌ መረጠች። አንደኛው የኮሌጁ ጡረተኛ ሬጅስትራር ጋሽ አለማየሁ ናቸው፤ ባልና ሚስት በማስታረቅ የታወቁ፣ ንግግራቸው ረጅም፣ ነጠላቸው ንጹሕ። ሁለተኛው ሐጂ ኑሬ ናቸው። የሱቃቸው ጣሪያ ላይ ኳስ በወደቀ ቁጥር የሚያማርሩ ስለሆኑ እንቢ ይላሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ እሳቸው ግን፣ «ያ ጩኸት ከቀረ ሻይ የምጠጣው በምን ሰዓት ነው?» ብለው ተነሡ። ሦስተኛው የኮሌጁ ሾፌር ጫምሳ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ቢሞላ ነው፤ ጸጉሩ ግን ቀድሞት ስለነጣ ከሩቅ ሲያዩት ለሽማግሌነት ይበቃል። መኪናውም የሚነዳው እሱው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሞጆንና ቆቃን አልፈው፣ ዓለም ጤናን አልፈው መቂ ሲገቡ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። በመንገዱ ዳርና ዳር የሽንኩርት ጆንያ ተደርድሯል፤ አይሱዙዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ይጭናሉ፤ ደላሎች ይጯጯኻሉ። ሸዋወርቅ መስኮቱን ከፍታ አንዱን ደላላ ለጥቂት ጊዜ አዳመጠችው። «ድምፅ አለው» አለች። የሶረቲ አባት የኦቦ ገርባ ግቢ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። እሷ መግባት አልነበረባትም። ላኪ ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ ደግሞም የቪዲዮዋ ጯኺ ራሷ ናት። መኪናው ውስጥ ቀረች።

አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ጠበቀች። ጨዋታ እየተካሄደ እሷ ከሜዳ ውጪ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለት ጊዜ በሩን ከፍታ ዘጋችው፤ አንድ ጊዜ ለማንም ሳይሆን፣ «ወደ ጉዳዩ ግቡ እንጂ!» አለች።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊታቸው በርቶ መጡ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ ጋሽ አለማየሁ። «የተከበረ ቤት ነው። አስቀምጠው አስተናገዱን። ጉዳያችን የኳስ መሆኑን ገና ከመግቢያው አስረዳናቸው። አልተቆጡም።»

«እና ትምጣ አሉ?»

«እንዴት በአንድ ቀን? ዘመድ ልማከርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሉን። መልካም ምልክት ነው!»

«ጋሽ አለማየሁ፣ ምዝገባው ከነገ ወዲያ ይዘጋል!»

«እሱን አላነሣንም» አሉ ጋሽ አለማየሁ። «ሽማግሌ ቀን አይቆርጥም፤ ነውር ነው።»

በዚህ መሀል ስልኳ ጮኸ። ሶረቲ ነበረች፤ ድምፅዋ ለቅሶም ሳቅም ይመስላል።

«ኮች፣ ምነው እንዲህ አደረጉኝ! አባባ እኮ ትናንት ‹አንድ ሰው ከኮሌጁ ደውሎ ቢጠይቀኝ እለቅሻለሁ› ብሎኝ ነበር። አሁን ሽማግሌ ከመጣ በኋላ ግን እንዴት ወዲያው እሺ ይበል? ልጁን የጠላ ይመስልበታል። ሦስት ጊዜ መመላለስ አለባችሁ!»

ሸዋወርቅ ስልኩን አወረደች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብዙ ጨዋታ ተሸንፋለች፤ አሸንፋ የጨረሰችውን ራሷ ስታበላሽ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።  

«ጋሽ አለማየሁ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ሦስት ጊዜ መመላለስ ነው አይደል የሚባለው?»

«ሦስት ነው። በመጀመሪያው ይሰማሉ፤ በሁለተኛው ተማክረው ይጠብቃሉ፤ በሦስተኛው ቃል ይሰጣሉ።»

«በመሀሉ ስንት ቀን ይሁን የሚል አለ?»

ጋሽ አለማየሁ አሰቡ። ሬጅስትራር የነበሩ ሰው ናቸውና የሌለ ደንብ ማውጣት አልሆነላቸውም። «እንግዲህ… ልማድ ነው እንጂ… ቁጥር የለውም።»

«ስለዚህ ሻይ ጠጡና ተመልሳችሁ ግቡ!»

«አሁን? ተሰናብተን የወጣነው አሁን!» አሉ ሐጂ ኑሬ።

«ሐጂ!» አለች ሸዋወርቅ። ሽንኩርት ጫኞቹ ዞረው አዩ። ሽማግሌዎቹም ወደ ሻይ ቤቱ ሄዱ።

አራት ሰዓት ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ገቡ። ከዚያ ወጥቶ የነገራት ጫምሳ ነው፤ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ ብለን በሩን አንኳኳን። ኦቦ ገርባ ከፈቱ፤ አዩን፤ አንድ ሁለቴ አዩን። ከዚያ ምን አሉ መሰለሽ? ‹ውይ፣ እንዴት ከረማችሁ! ክረምቱስ እንዴት አለፈ?›»

«ምን አላችኋቸው?»

«ጋሽ አለማየሁ ‹ተመስገን፣ ዝናቡም ደግ ነበር› አሉ። ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም! ከዚያ ኦቦ ገርባ በአጥር ላይ ወንድማቸውን ተጣሩ፤ ሽንኩርት እየቆፈረ ነበር። ‹ልጅቷ ለኳስ ትሂድ ወይ?› አሉት። ‹ትሂድ› አላቸው፣ ቀና ሳይል። ‹እንግዲህ ዘመድ ተማክሬአለሁ፤ ደግሞ ሰሞኑን ብቅ በሉ› አሉን።»

ሰሞኑ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ገቡ። አሁን ግን ጫምሳ ሳይቆይ ተመልሶ መጣ፤ እየሳቀም አልነበረም።

«ቃል ሊሰጡ ነው። ግን ልጄን የምሰጠው ለዋናው አሰልጣኝ ነው፤ ዋናው ራሱ መጥቶ ይረከበኝ ብለዋል።»

«ዋና የለንማ።»

«እሱን ብንነግራቸውማ ያባርሩናል። ጭንቅላት የሌለው ቡድን ውስጥ ነው ልጄን የምጥለው ይላሉ።»

«ምክትሏ አለች በላቸው።»

«ብያቸዋለሁ። ‹በእኔ ልጅ ጉዳይ ምክትል ነው የሚላክብኝ?› አሉ።»

ሸዋወርቅ እጇን የመኪናው በር ላይ አድርጋ ቆየች። ዘጠኙን ልጆች አሰበች፤ ዓርብን አሰበች። ሻርፗን አስተካክላ ወረደች።

ኦቦ ገርባ ግራር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ በወጉ ተደርድረዋል። ሶረቲ ከእናቷ ኋላ በሩ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች ሸዋወርቅ። ዝቅ አድርጋ ነበር ያለችው። አልተሳካላትም።

ኦቦ ገርባ ቀና አሉ። ምንም ሳይናገሩ ከኪሳቸው ስልክ አወጡ፤ ነካ ነካ አደረጉት። ግቢው ሁሉ «ሶረቲ! እግርሽን መቂ ረስተሽ ነው የመጣሽው?» በሚል ጩኸት ተሞላ። ዶሮዎቹ ተበታተኑ።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አድርጋ ነው እንዲህ የሚጮኹባት?»

«ምንም አላደረገችም። ሜዳችን ነፋስ ነው፣ ኦቦ ገርባ። ዝግ ብዬ ብናገር ቃሉን ነፋሱ ወንጂ ድረስ ይወስደዋል። ዝግ ብሎ የሚናገረው ሌላ ሰው ነበር።»

«እሱ የት አለ?»

«አረፈ።»

ኦቦ ገርባ ስልኩን ዘጉት። «ነፍሱን ይማር» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ተከትለው አሉ። 

«ታዲያ አሁን ዋናው ማነው?»

ጋሽ አለማየሁ መሬት መሬት ያያሉ። ሐጂ ኑሬ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ሸዋወርቅ አፏን ከፈተች፤ የለመደችው ቃል እስከ ከንፈሯ ደርሶ ነበር። ሶረቲን አየቻት።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጫምሳ «ከዛሬ» ትላለች ብሎ ነበር የጠበቀው።

«ስድስት ዓመት ሆነኝ» አለች ሸዋወርቅ። ይህን ስትል ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግራሩ ጥላ አላለፈም።

ኦቦ ገርባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «ኢንተላ ኮን፣ ልጄን ወስደዋል። ፈተናዋን ከወደቀች ግን እኔም መጮኽ እችላለሁ። ደግሞ እርስዎ እንዳሻዎት ይጩኹ፤ ስልክ የያዘ ሰው ግን አጠገብዎ አይቁም። እዚህ መቂ ድረስ እየተሰማ ነው።»

በመመለሻው መንገድ ሶረቲ ከኋላ ተኝታ፣ መኪናው ኦቦ ገርባ የመረቁላቸውን አንድ ጆንያ ሽንኩርት እየሸተተ ሲሄድ፣ ጋሽ አለማየሁ ዞር አሉ።

«ሸዋወርቅ፣ ያልሽው ሽማግሌ ፊት የተባለ ቃል ነው። ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ሦስታችንም ውሸታም ምስክር ሆንን ማለት ነው። ነገ ዲኑ ጋ እንገባለን።»

«ጋሽ አለማየሁ፣ ምዝገባው ይለፍና…»

«እንደገና ሦስት ጊዜ ልታመላልሺን ነው?» አሉ ሐጂ ኑሬ።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ኦሊቃ ቢሮ አራት ሰው ባንድ ላይ ሲገባ ዲኑ ደንግጠው ብድግ አሉ፤ ለሁሉም ሻይ አዘዙ። ጋሽ አለማየሁ በአጭሩ ለመናገር ቃል ገብተው ነበርና በሩብ ሰዓት ጨረሱ።

«ዋና አሰልጣኝ እርስዎ እንዲሆኑ ነው የተጠየቀው?» አሉ አቶ ኦሊቃ ግራ ገብቷቸው። «እኔ ቅር አይለኝም። ግን አቶ ሰይፈሚካኤልስ? ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ስብሰባ አልመጡም፤ ማስጠንቀቂያም ጽፌባቸዋለሁ። እርስዎ ስለ እሳቸው እየፈረሙ ሥራውን ስለሸፈኑላቸው ዝም ብዬ እንጂ…»

 ሐጂ ኑሬ ሻያቸውን አስቀመጡ።

«አይመጣም» አለች ሸዋወርቅ። «ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ ነበርኩ ልነግርዎ የሚገባኝ።»

አቶ ኦሊቃ ፊታቸው ቀላ። የሚያዝዙት ሻይ እንኳ ጠፋባቸው። በመጨረሻ መሳቢያቸውን ከፍተው ወረቀት አወጡና በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ ማኅተሙንም ራሳቸው መቱት። ሲሰጧት በሁለት እጃቸው ሰጧት።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ሸዋወርቅ የምዝገባው ጠረጴዛ ፊት ቆመች። መዝጋቢዋ ልዩ የምትባል ቀልጣፋ ልጅ ናት። አሥሩን ስም አንድ በአንድ ጻፈች፤ ሶረቲ የመጨረሻዋ ነበረች።

«ዋና አሰልጣኝ?»

ሸዋወርቅ ስሟን ከነአባቷ ተናገረች። ከኋላ የተሰለፉት ሁሉ ሰሙት።

«ምክትልስ?» አለች ልዩ፣ ብዕሯን እንደያዘች።

ሸዋወርቅ ለመመለስ ቸኩላ ነበር፤ ቆመች። የምታውቃቸውን ሰዎች ሁሉ በሐሳቧ አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዷ ታረፍዳለች፤ አንዱ ማሊያ አያጥብም፤ ሌላዋ ደግሞ ድምፅ የላትም።

«ባዶ ተዪው» አለች። «ጥሩ ምክትል በቀላሉ አይገኝም።»

ልዩ የምትቀልድ መስሏት ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። ቦታውን ባዶ ትታ ቅጹን አሳለፈችው።